መቀናጆ
(ለአዲስ ዳኞች ምረቃ፣ ጎንደር ከተማ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስጋበዝ «ስለ ጨዋታ ሕግ ትንሽ ይበሉልን» ተብዬ ነበር። ሕጉን እናንተ ታውቁታላችሁ። 17ቱንም በቅርቡ ተፈትናችሁበታል፤ እኔ ግን የተማርኩት ረዳት ዳኛ ገና «የመስመር ዳኛ» በሚባልበት ዘመን ነው፤ ስሙ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ ዕድሜዬን ከዚህ ገምቱት። ስለዚህ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ላውራ። አብሯችሁ እንዲያጫውት የተመደበው ሰው ለሥራው ደንታ ባይኖረውስ?

«ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት ዛሬ አልጠቅስም፤ በየምረቃው ሰምታችሁታል። የገበሬ ልጅ ነኝና ከእርሻ ልነሣ። ወገራ ላይ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። ዳኝነትም መቀናጆ ነው። ልዩነቱ ገበሬው የሚቀናጀውን ሰው ራሱ ይመርጣል፣ እኛን ግን የሚያቀናጀን የምድብ ወረቀት ነው።

አባቴ አንዱ በሬ ሲለግምበት ጅራፍ ከማንሣቱ በፊት ቀንበሩን ከፍ አድርጎ ጫንቃውን ያይ ነበር። ቆዳው ተልጦ ከሆነ በሬው ልግመኛ አይደለም፣ ታሟል ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት ደባርቅ አካባቢ የሁለት ቀበሌዎችን ጨዋታ እንዳጫውት ተመደብኩ። ወሩ ነሐሴ ነው። መስመሩ የተሰመረው በአመድ ስለነበር ዝናቡ ግማሹን አጥቦታል። ጉሙ ከገደሉ በኩል መጥቶ አንዱን ጎል ይሸፍነዋል፣ ተመልሶ ይገልጠዋል። አንደኛው ረዳቴ ወጣት ነው፤ ያን ቀን ገና መተዋወቃችን ነበር። ጨዋታው ከተጀመረ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከመሃል ሜዳው መስመር ፈቀቅ እንደማይል ገባኝ። ኳስ ወደ ጎሉ ሲሄድ ተከላካዩን ተከትሎ አይወርድም፤ ባንዲራውን እንደ ከዘራ ተደግፎ ይቆማል።

ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። በዕረፍት ሰዓት ጎን ለጎን ቆመን ሻይ ጠጣን፤ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዕረፍት መልስ የእርሱን ሥራ ከራሴ ሥራ ጋር ደርቤ ያዝኩት። ሰያፍ ሩጫዬን ትቼ ከጨዋታ ውጪውን ለማየት ወደ እርሱ መስመር ተለጠፍኩ። ጀግንነት መስሎኝ ነበር።

ያን ስሠራ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ልጅ አፍንጫውን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። ማን መታው? አላየሁም። ያ ስፍራ ደግሞ የእኔ ነበር፤ ቦታዬ ላይ ብገኝ ኖሮ ፊት ለፊቴ ነው የሚሆነው። ቀይ ካርድ ይዤ የምሰጠው ሰው አጣሁ። ሰው ሜዳ ገባ፣ ጨዋታው ተቋረጠ።

መልስ መንገድ ላይ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን ያንን ወጣት ረዳቴን ለሌላኛው ረዳት እስክረካ አማሁት። እርሱ ጋቢና ነበር፤ አይሰማም። በሳምንቱ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት አገኘሁት። ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ተረከዙ በጨርቅ ታስሯል። ያን ቀን ያደረገው የታናሽ ወንድሙን ጫማ ነበር፤ 43 ቁጥር እግሩን 41 ጫማ ውስጥ ከትቶ ነው ሜዳ የገባው። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አፈርኩ ጋሼ፤ የመጀመሪያ ምድቤ ነበር» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ቀስ ብሎ «እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?» አለኝ።

እኔም አፍሬ ነው። ይሉኝታ ነው። ሰው ፊት ለፊት «ምን ሆነሃል?» ማለት ይከብደናል፣ ጀርባው ላይ ግን አንደበታችን ይፈታል። የዚያን ቀን ጨዋታ ያበላሸው የእርሱ እግር ነው ወይስ የእኔ ዝምታ ብትሉኝ፣ ዝምታዬን አስቀድማለሁ።

ሁሉም ግን ጫንቃው የተላጠ አይደለም። አበሉን ብቻ ብሎ የመጣ አጣማሪም ገጥሞኛል፤ አበሉ ሽሮ ከነእንጀራው እንኳ በወጉ የማይሸፍን ሆኖ ሳለ! አዘዞ ላይ አንዱ ባንዲራውን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ስልክ ያወራ ነበር። ተጫዋቾቹ ፊት አልተናገርኩትም፤ ዳኛ በዳኛ ላይ ሲጮህ ያየ ተጫዋች ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አይሰማም። በዕረፍት ለብቻው ጠርቼ «ስልኩን ለእኔ ስጠኝ፣ ወይ ባንዲራውን ስጠኝ» አልኩት። ሕጉ ዋና ዳኛው አግባብ ያልሆነ ድርጊት የፈጸመን አጋሩን ከሥራው አንሥቶ ሪፖርት እንዲያደርግ ሥልጣን ይሰጠዋል። ስልክ ማውራት ከዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም፣ ምሳ ላይ ተከራከሩበት። ስልኩን ሰጠኝ። ሪፖርቱ ላይም ጻፍኩት፤ እንደምጽፈው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሣኝ። ዋጋ የለውም አልላችሁም፤ አለው።

አንዳንዴ ልግመኛው እኛው ራሳችን ነን። ሠርግ አምሽቼ የገባሁበትን አንድ እሑድ አውቃለሁ፤ ዝርዝሩን ባለቤቴ እዚህ ስላለች አልፈዋለሁ።

የምታልሙትን አውቃለሁ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ እዚህ ከተማ የነበረው ደስታ ገና ከጆሯችሁ አልወጣም፤ አንድ ቀን ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ ፊሽካ መንፋት ትፈልጋላችሁ። ዳኛው ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ተመርጧል፤ ሴቶች ልጆቼ፣ ዳኛዋ ሊድያ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2019ም የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ነበረች። እዚያ ላይ ዳኞቹ በጆሮ ማዳመጫ እያወሩ ነው የሚያጫውቱት። እናንተ በመጪው ቅዳሜ ኮላድባ ወይ ዳባት ስትመደቡ ያላችሁ ዓይናችሁና አፋችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ከጨዋታው በፊት ማለቅ አለበት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ግርግር ሲነሣ ማን ማንን ያያል? ተጫዋች ሲቀየር ሰዓቱን ማን ይይዛል? ጉም ሲመጣ በምን እንግባባለን?

ከሁሉ የምወደው ግን የስዩም ታረቀኝን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1970፣ የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ፣ ቶሉካ ከተማ። ከፍታው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ ደባርቅ ላይ የሮጠ ሰው ያ አየር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጣሊያንና እስራኤል ይጫወታሉ። ዋናው ዳኛ ብራዚላዊ ነው፣ መስመር ላይ የቆመው የእኛው ስዩም። የጣሊያኑ ጂጂ ሪቫ ጎል አገባ፤ ስዩም ባንዲራውን አነሣ። ብራዚላዊው ባንዲራዋን አይቶ ጎሉን ሻረው። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ፣ ጣሊያን ውስጥ የተነሣው ውዝግብ ዓመታት ዘለቀ። ያ ብራዚላዊ ከሌላ አህጉር የመጣን አጣማሪውን አምኖ ነው ያን ሁሉ ጩኸት የተሸከመው። እኔ ደባርቅ ላይ ከአጠገቤ የቆመውን የአገሬን ልጅ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ።

አሁን ሰርተፍኬት ለመቀበል በየተራ ትነሣላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ወደ ጎናችሁ ዞር በሉና የተቀመጠውን ሰው የጫማውን ቁጥር ጠይቁት።

የእኔ 42 ነው።