ላሟን አይሽጧት

 

ለዛሬው ፕሮግራማችን፣ አድማጮቼ፣ ሌላ ወግ ነበር ያዘጋጀሁት። ባለፈው ሳምንት ከአለታ ወንዶ በኩል የደወሉ አንዲት እናት ግን ሐሳቤን አስቀየሩኝ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። «ቀን እልል ስል ዋልኩ፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አሉኝ። ምነው ብላቸው፣ «ውል ያስፈርማሉ፣ ወጪውን ያስከፍላሉ ብለው ነገሩኝ። ያለችን አንዲት ላም ናት። እሷን ልሽጥ ወይስ ልጅቷ ትቅር?» አሉ። መልሴን ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ።

እናቴ፣ ዛሬ እየሰሙኝ ከሆነ መልሱ ይኸው። ላሟን አይሽጧት። ልጅቷም አትቅር።

ይህ ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ በስልክ መልሼ በጨረስኩ ነበር። ግን ምደባ በወጣ ቁጥር ይመጣል። እዚሁ ሀዋሳ ከአቶቴ ይመጣል፣ ከታቦር ሥር ይመጣል፣ ገበያ ላይ ሰላም ያሉኝ ሰዎች ሳይቀሩ እጄን ይዘው ይጠይቁኛል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

በመንግሥት ስፖንሰርነት የተመደበ ተማሪ ወጪ መጋራት ለሚባለው ብሎ ግቢው በር ላይ ቆጥሮ የሚያስረክበው ብር የለም። ፈርሞ ይገባል፤ ተምሮ ይወጣል፤ ሥራ ይዞ ደመወዝ ሲያገኝ ከደመወዙ ይከፍላል። ቀድሜ ልክፈል ለሚል በሚፈርመው የውል ቅጽ ላይ ቦታ አለው፤ አቅም ያለው ይክፈል። የሌለውን ግን ማንም ዛሬ ክፈል አይለውም።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አባቶቻችን የሚያወሩልን ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የእርሻ ኮሌጁ ሥራ በጀመረበት ዘመን የተማሩ ሰዎች አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። በእነርሱ ጊዜ ምግቡም፣ አልጋውም፣ ትምህርቱም በነፃ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ ግን ወጪ መጋራት መጣ። ተማሪው የሚበላበትንና የሚተኛበትን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ይጋራል። የቀረውን መንግሥት ይሸከማል። መክፈያው ሰዓት ሲደርስ፣ ደንቡ ሲወጣ የተቀመጠው ልክ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ ነበር። 10,000 ብር ደመወዝ ያላት ልጅ በወር 1,000 ብር ማለት ነው። ይህ አካሄድ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አውስትራሊያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምራ ተማሪዎቿን የምታስከፍለው በዚሁ መንገድ ነው፦ ተማር፣ ሥራ ያዝ፣ ከዚያ ክፈል።

አያችሁ፣ ዕዳው ያለው ልጅቷ ነገ በምትይዘው ደመወዝ ላይ ነው። ዛሬ በረት ውስጥ ያለችውን ላም የሚነካበት ምክንያት የለም።

አንዳንዱ አባት ደግሞ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ነፃ ነው ማለት ነው» ይልና ልጁን ሳይመክር ይልካል። ይሄኛውም ያስቆጣኛል። ነፃ አይደለም። ልጁ የሚፈርመው ውል ነው፤ ያውም በየዓመቱ እየታደሰ የሚሞላ ውል።

ቅጹን ያያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ፎቶ ይለጠፍበታል። የተማሪው ስም፣ የተወለደበት ወረዳና ቀበሌ፣ የእናቱ ሙሉ ስም፣ የጨረሰበት ትምህርት ቤት ይሞላል። ይህ ቀላሉ ነው። ቀጥሎ ምን ዓይነት አገልግሎት ትፈልጋለህ ይላል፦ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ወይስ ሁለቱንም? በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ? ከዚያ የዓመቱ ወጪ በብር ይሰፍራል። በመጨረሻ እንዴት ትከፍላለህ ይላል፦ ቀድመህ፣ ከምረቃ በኋላ ከገቢህ፣ ወይስ በአገልግሎት? እዚህ ጋ ነው ልጆቻችን ከፊታቸው የተሰለፈውን አይተው «አንተ ምን ሞላህ?» ተባብለው የሚያልፉት። በልጅነት ችኮላ በሁለት ደቂቃ የተፈረመ ወረቀት ለዓመታት ይከተላል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው የሀዋሳ ልጅ አለ እንበል። ቤቱ ሞቢል ሰፈር ነው፤ በባጃጅ ይመላለሳል፤ ምሳውንም እራቱንም እናቱ ዘንድ ይበላል። ቅጹ ላይ ግን ምግብና መኝታ ብሎ ፈረመ። ያልበላው ምግብ፣ ያልተኛበት አልጋ ዕዳ ሆኖ ይመዘገብበታል። ሌላዋ ደግሞ ግቢው ካፌ አልመገብም፣ ነን ካፌ ነኝ ብላ በየወሩ ብር ትቀበላለች፤ ለኪሷ የተሰጣት ስጦታ ይመስላታል። እሱም ዕዳ ነው፣ የእኔ እህት። ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። በ100 ብር ሒሳብ የ10 ወር ምግብ 30,000 ብር ነው። በአራት ዓመት 120,000 ብር። አሃዙ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የዘንድሮው ቅጽ ላይ የሰፈረውን ማንበብ ነው። ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። የሚከፈለው በደመወዝ ነው ብያለሁ፤ ግን ምን ያህል እንደሆነ የማያውቅ ሰው ደመወዙ ሲቆረጥ የተዘረፈ ይመስለዋል።

የራሴን ልንገራችሁ። ተመርቄ ስወጣ ጊዜያዊ ዲግሪዬን፣ ቴምፖዬን ይዤ ወደ ሥራ ሮጥኩ። በየዓመቱ የፈረምኩትን ቅጽ ቅጂ አንዱንም አልያዝኩም ነበር። ከዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ተፈለገ። ሬጅስትራር ስሄድ መጀመሪያ ወጪ መጋራቱን ጨርሺ ተባልኩ። ትክክል ነው፣ መክፈል ነበረብኝ። ችግሩ የሦስተኛ ዓመት ፋይሌ ጠፋ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሌላው ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ሲልከኝ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ የማመልከቻው ቀንም አብሮ አለፈ። አንድ ወረቀት ኮፒ አድርጌ እናቴ ሣጥን ውስጥ ባስቀምጥ ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። እባካችሁ ልጆች፣ ከፈረማችሁ በኋላ ኮፒ ውሰዱ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት፤ ለእናታችሁም ላኩላት። ስትመረቁም ከመበተናችሁ በፊት ጠቅላላ ዕዳችሁን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ሰዓቱ እየገፋኝ ስለሆነ የቀረውን በአጭሩ።

እስካሁን ያልኩት በመንግሥት ለተመደበ ነው። የግል ከፋይ ሆኖ የሚገባ ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በየሴሚስተሩ ይከፍላል። ስለዚህ ልጃችሁ በየትኛው እንደገባ በመጀመሪያ ጠይቁ፤ ሁለቱን የሚያደባልቁ ሰዎች ናቸው ወሬውን የሚያበላሹት።

የግል ኮሌጅ ለምትሉ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን ልጃችሁ የሚማርበት የትምህርት ዘርፍ፣ በዚያው ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከፍሎ መጨረስ ብቻውን ዲግሪ አያሰጥም።

ደላላ! ምደባ አስቀይራለሁ፣ የውጭ ስኮላርሺፕ ፎርም እሞላለሁ ብሎ በቴሌግራም ብር ላኩ ለሚላችሁ አንድ ሳንቲም እንዳትልኩ። ላም ተሽጦ የሚጠፋው እዚህ ነው።

እና የእውነት የሚያስፈልገው ወጪ የቱ ነው? የመኪና መሳፈሪያ፣ እስከሚለምዱ የምትሆን የኪስ ገንዘብ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የ8ኛ ክፍል ካርድና የ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት ከነኮፒው። ይህም ቢሆን ለድሃ ቤት ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ዕድር አለ፣ አጎት አለ፣ የቤተክርስቲያን ወገን አለ፣ የቡና ገንዘብ የገባለት ጎረቤት አለ። አንሶላ መጠየቅ አያሳፍርም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። እንዲህ ባለ ወንፊት ያለፈች ልጅ በአንድ ብርድ ልብስ ምክንያት ቤት ከቀረች ጎረቤቱ ሁሉ ይጠየቅበታል።

የድምፅ ባለሙያችን ሁለት ደቂቃ ቀረሽ እያለኝ ነው።

የአለታ ወንዶዋ እናቴ፣ መስመርዎ ከመቋረጡ በፊት «ልጅቷ እያለቀሰች ነው» ብለውኝ ነበር። ይንገሯት፦ በሩ ላይ የምትጠየቀው ብር የለም። ቅጹን ስትሞላ ረጋ ብላ ታንብበው፣ ያልገባትን ትጠይቅ፣ ኮፒውን ለእርስዎ ትላክ። ብርድ ልብሱን በተመለከተ ከዚህ ፕሮግራም በኋላ ስልካችን ክፍት ነው፤ አንዲት የፒያሳ ነጋዴ አድማጫችን ጠዋት ደውላ አንድ አዲስ አለኝ ብላለች። እስከ ሐሙስ ይደውሉልኝ።