እምነትን መመስከርና ባልንጀራን ማክበር
በመምህራን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በወሎ ገጠር ድግስ ያሰበ ክርስቲያን አባወራ አስቀድሞ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራና ለሙስሊም እንግዶች የተመደበውን በግ በገዛ ሥርዓቱ እንዲያርድ ያስረክበዋል። ቢላዋው ይለያል፤ ድስቱ ይለያል፤ ወጡን የምትሠራውም ሙስሊም ጎረቤት ትሆናለች። ሙስሊሙም በተራው ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ሰዎቹ በአንድ ዳስ ይሰበሰባሉ፤ አብረው ይጫወታሉ፤ አብረው ይመራረቃሉ፤ ሥጋው ግን አይቀላቀልም። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ይህን አይቶ መለያየት ነው ሊል ይችላል። የአገሩ ሰው ግን መከባበር ይለዋል። ባለድግሱ ለእንግዳው በሥራ እንጂ በቃል ሳይሆን፣ ወሰንህ በእኔ ቤት ይጠበቅልሃል ማለቱ ነውና።

የዛሬው ንግግር ርዕስ ከዚህ ዳስ የራቀ አይደለም። ክርስትናም እስልምናም ተከታዮቻቸው ያመኑትን ለሌላው እንዲያሰሙ ያዝዛሉ። ክርስቲያኑ ስብከት፣ ሙስሊሙ ዳዕዋ ይለዋል። ስለዚህ ሁለቱን ወገኖች ስለ ሃይማኖት ከቶ አትነጋገሩ በማለት ሰላም ማውረድ የሚቻል የሚመስለው ሰው የሁለቱንም እምነት ጠባይ አላወቀም። ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ልዩነቱን መሸፋፈንም አክብሮት አይደለም፤ የአንዱንም የሌላውንም ቃል ከቁም ነገር አለመቁጠር ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይነገር ወይስ ዝም ይባል የሚለው አይደለም። እንዴት ይነገር፣ ለማን ይነገር፣ ከየትኛው ወንበር ላይ ተሆኖ ይነገር የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ታሪክ ቀደምት ምሳሌ አለው። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ ስደት የሸሹ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻው ንጉሥ ግዛት መጡ። የቁረይሽ ሹማምንትም ገጸ በረከት አስይዘው መልእክተኞች ላኩና ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ንጉሡ ሳይሰማ መፍረድን አልወደደም፤ ስደተኞቹን አስጠርቶ ስለ እምነታቸው ጠየቀ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከሱረቱ መርየም አነበበ፤ ስለ ኢየሱስ በተጠየቀ ጊዜም ንጉሡን ለማስደሰት ብሎ የእምነቱን ቃል አላለዘበም። ንጉሡም ገጸ በረከቱን መልሶ ስደተኞቹን በሰላም አኖራቸው። ከዚያ ወዲያ ስለሆነው ነገር ሁለቱ ወገኖች አይስማሙም፤ የሙስሊሞች ትውፊት ንጉሡ እስልምናን ተቀብሏል ሲል የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ይህን አይቀበሉም። ይሁን እንጂ የማያከራክረው ክፍል ለትምህርት ይበቃል፤ ይኸውም ሥልጣን የነበረው አዳመጠ፤ ሥልጣን ያልነበረው ደግሞ ያመነውን ሳይሸሽግ ተናገረ።

ታሪኩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ሰይፍ ፈርተው እምነታቸውን ለወጡ፤ ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ከወደቁ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ከመሪዎቹ ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው በኋላ ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ ግን አገር ጥሎ የተሰደደ ነበር፤ ሸህ ጦልሐን ተከትሎ የሸፈተ ነበር፤ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበር። ሁለቱ ዘመናት በባለሥልጣኑ ሃይማኖት ቢለያዩም በውጤታቸው አንድ ናቸው። ማስገደድ ምላስን ያስተምራል፤ ልብን ግን አያስተምርም፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂምም ይተክላል።

በዚያው በሰይፍ ዘመን ሌላ መንገድ የመረጠ ሰው እንደነበረም ሊዘነጋ አይገባም። በየመን የተወለዱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም አንቀጸ አሚን የተባለውን ጽሑፍ ለኢማም አሕመድ ሲጽፉ የቁርኣንን ቃል እየጠቀሱ ተከራክረዋል። ጽሑፉ የክርክር ጽሑፍ ስለሆነ ሙስሊም አንባቢ የማይስማማበት ብዙ ነገር ይገኝበታል። ቢሆንም ጸሐፊው የሌላውን መጽሐፍ በሚገባ አንብበው እንጂ በወሬ ሰምተው አልተናገሩም።

ከዚህ ሌላ፣ አክብሮት በመልካም ፊት ብቻ አይጸናም፤ እኩልነትን ይሻል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ሰልፍ በወጡ ጊዜ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወቁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ሊገደድ እንደማይችል፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል።

ይህ ድንጋጌ መምህሩን በቀጥታ ይመለከተዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከመቶው 43.5 ኦርቶዶክስ፣ 33.9 ሙስሊም፣ 18.6 ፕሮቴስታንት ነው። በብዙ ከተሞች በአንድ ክፍል ውስጥ የሁሉም ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መምህሩ በእጁ የውጤት መዝገብ አለ፤ ልጁ ያልፍና ይወድቅ ዘንድ የሚጽፈው እርሱ ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ተማሪውን ወደ ራሱ እምነት የሚጋብዝ መምህር ጨዋ በሆነ ቃል ቢናገር እንኳ ግብዣው ግብዣ አይደለም። ልጁ እምቢ ለማለት አይችልምና። የልጁን የአንገት ማተብ ወይም የራስ መሸፈኛ ለቀልድ የሚያነሣ መምህርም እንዲሁ ይበድላል፤ አንዲት የፌዝ ቃል ከመምህር አፍ ስትወጣ ክፍሉ በሙሉ ፈቃድ የተሰጠው ይመስለዋል። በወሎ ድግስ ቢላዋውን ለሌላው የሚያስረክበው ባለቤቱ ነው። በክፍል ውስጥ ባለቤቱ መምህሩ ነው።

በእኩያሞች መካከል፣ ማለት በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በቡና ሰዓት፣ በጎረቤት ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ስለ እምነት መነጋገር የተገባ ነው፤ ሥርዓት ግን አለው። አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። የባልንጀራን እምነት የሚተረጉመው ባልንጀራው ራሱ ይሆናል። የራስን ሃይማኖት ከደጋግ ሰዎቹ፣ የሌላውን ከክፉዎቹ እያነሡ ማወዳደር ይቀራል። በሐዘን፣ በሕመምና በችግር የተያዘን ሰው እርዳታን ከእምነት ለውጥ ጋር እያያያዙ መቅረብም ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ምጽዋት ዋጋው የተቆረጠ ሸቀጥ ነውና። ባልንጀራው አይሆንም ካለ ወዳጅነቱ እንደነበረ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የራስ ወገን የሆነ ሰው በፈቃዱ እምነቱን የለወጠ እንደሆነ ነው። የሌላውን መለወጥ ደስ የሚለው፣ የራሱ ልጅ ሲለወጥ ግን ከቤት የሚያባርር ሰው ነጻነትን የሚወደው ለራሱ ሲጠቅም ብቻ መሆኑን ሳያውቀው ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ የምቾት ጊዜ ንግግር እንዳይመስል አንድ ነገር መታከል አለበት። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል። መስጊዶቹን መልሶ ለመሥራት ገንዘብ ካዋጡት መካከል ክርስቲያኖች ነበሩበት። እንዲህ ባለ እሳት ማግስት የትምህርት ቤት በር ሲከፈት ልጆቹ የመምህሩን ፊት ያያሉ። የመጀመሪያው ቃሉ የተጎዳውን ልጅ ማጽናናት ይሆናል ወይስ የወገኑን ጥፋት ማመካኘት? የተከበሩት የሃይማኖት ቃላት ሁሉ የሚመዘኑት በዚያች ጠዋት ነው። ከዚያች ጠዋት በኋላ መምህሩ ስለ እምነቱ አንድ ቃል ባይናገር እንኳ ልጆቹ እምነቱ ምን እንዳደረገው አውቀዋል።

የወሎ አባወራ ክርስትናውን አልተወም፤ ጎረቤቱም እስልምናውን አልተወም። በቅሬያቸው አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል፤ በጸሎት ሰዓት ግን ሌላው ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከደጅ መቆም እምነትን መካድ አይደለም፤ ሐዘንተኛን መተውም አይደለም። የማኅበሩ አባላት ከየክፍላቸው በር ላይ ሊቆሙ የሚገባቸው እንደዚያ ጎረቤት ነው፤ ቢላዋውን አስረክበው፣ ዳሱን አንድ አድርገው።