ስለ ድረ ገጽ መጠባበቂያ ቅጂ ለሠፈራችን ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጥበቃና ስለ ቆሻሻ አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለን። ከቦሌ እስከ ገርጂ ያሉት ገስት ሀውሶች፣ ፔንሲዮኖች፣ የጉዞ ወኪሎችና ዕቃ አስተላላፊዎች ዛሬ ደንበኛ የሚያገኙት በደጃፋቸው ብቻ አይደለም። ድረ ገጽ አላቸው። ከውጭ የሚመጣው ዘመዳችን እንኳ ክፍል የሚይዘው በዚያው ነው። ታዲያ አንድ ሌሊት ቢጠፋ መልሶ የሚቆምበት ቅጂ ያለው ስንቱ ነው? በየደጁ ዞረን ብንጠይቅ አብዛኛው የመለሰልን «እሱን ልጁ ያውቃል» ብሎ ነው። ልጁ ማለት ዌብሳይቱን የሠራው ነው። ልጁ ግን አንዳንዱ ስልክ ቀይሯል፤ አንዳንዱም አሜሪካ ገብቷል፤ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄዷል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ደረሰኝ ስንቆርጥ ከሥሩ ካርቦን እናደርጋለን። ድረ ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ኮምፒዩተር ነው፣ አይጠፋም እንላለን። ይጠፋል እንጂ! ድረ ገጽ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነገር አይደለም፤ ሰርቨር በሚባል ማሽን ላይ፣ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ነው። ቤት ደግሞ ይቃጠላል።

መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም ሌሊት በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ የሰርቨር ሕንፃ በእሳት ወደመ። ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን ከ3 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ተቋረጡ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ገንዘብ ከፍሎ ቅጂ እንዲቀመጥለት የተዋዋለው ደንበኛ ነገር ነው። ቅጂው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለ ነበር ከዋናው ጋር አብሮ ነደደ። ከሶ በ2015 ዓ.ም የሊል ከተማ ንግድ ፍርድ ቤት ከ100,000 ዩሮ በላይ ካሳ ፈረደለት። የነደደውን መረጃ ግን ፍርድ ቤት አይመልስም። ስለዚህ አከራያችሁን «ቅጂ አላችሁ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እሳት ብቻም አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም ግብፅ የተቀመጡ ጠላፊዎች በሕዳሴው ግድብ ሰበብ በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ አስታውቆ ነበር። መንግሥትን ያልፈራ የእኛን ፔንሲዮን ይፈራል? ጠላፊ ደግሞ ገብቶ ሳምንታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል የትናንቱ ቅጂም የተበከለ ሊሆን ይችላል። የትናንቱን፣ ያለፈውን ሳምንትና ያለፈውን ወር ለየብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

በዚያው ወር፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ቅጂው ውጭ አገር ብቻ የነበረ ሰው የገዛ መዝገቡን ማየት አልቻለም። አንድ ቅጂ በሃርድ ዲስክ እጃችሁ ላይ ይኑር፤ ከሱቁ ሌላ ቤት ቢቀመጥ ደግሞ መልካም ነው።

ሲገለበጥም ሙሉውን ነው። ብዙ ሰው ፎቶውንና ጽሑፉን ገልብጦ ዳታቤዙን ይተወዋል፤ የደንበኛው ስምና ትዕዛዝ ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው። በየቀኑ ትዕዛዝ የሚቀበል በየሌሊቱ ያስገልብጥ፤ በወር አንዴ ዋጋ የሚለውጥ በለወጠ ቁጥር ይበቃዋል። ደግሞም ቅጂው ተከፍቶ ይታይ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ይሠራል ብሎ መተማመን አይቻልም። የእንግዳ ፓስፖርት ያለበት ዲስክ መቆለፍ አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር የሚያውቁ የሠፈራችን ወጣቶች አገለባበጡን በነፃ ያሳያሉ። ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። የይለፍ ቃሉ ልጁ ዘንድ ያለባችሁ እስከዚያ ድረስ ደውላችሁ ተቀበሉት።