በሳሳ አየር ላይ ቀላል ክንፍ



የአድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም.፣ ነሐሴ 4 ቀን፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦቶ ሊሊየንታል ከበርሊን ሰሜን ምዕራብ ከሚገኝ ኮረብታ ላይ ራሱ በሠራው ሞተር አልባ ክንፍ ተነሣ። ከዚያ በፊት ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ በርሯል። ክንፉን የሚያዘው ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ በማዘንበል ነበር። በዚያ ቀን ከታች የመጣ ሞቃት አየር የክንፉን ፊት ወደ ላይ ቀና አደረገው፤ ፍጥነቱ ጠፋ፤ ከ15 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደቀና በማግሥቱ ሞተ። ዛሬ አልትራላይት የምንላቸው እጅግ ቀላል አውሮፕላኖች የእርሱ ወራሾች ናቸው፤ ሰው ሲገድሉም ብዙ ጊዜ በዚያው መንገድ ነው።

የክንፍ የማንሣት ኃይል ከፍጥነትና ከአየር እፍጋት ይገኛል። ፍጥነቱ ከልክ በታች ሲወርድ፣ አብራሪው ከፍታውን ላለማጣት አፍንጫውን ይበልጥ ያቀናል፤ አየሩ ከክንፉ ገጽ ይላቀቃል። አብራሪዎች ስቶል ይሉታል። ከ1,000 ሜትር ላይ ቢደርስ አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን መመለስ ይቻላል፤ ከ30 ሜትር ላይ ግን ጊዜ የለም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የአሜሪካ ሕግ፣ ያለ አብራሪነት ፈቃድ የሚበረው ባለሞተር አልትራላይት ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የስቶል ፍጥነቱም በሰዓት ከ44 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይወስናል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀትር የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር በ23 በመቶ ገደማ ያንሳል። በባሕር ጠለል 44 የነበረው እዚህ 50 ይሆናል፤ ተራ ሞተርም ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ከዚህም ይብሳል።

እንግዲህ አብራሪው ረጅም ይሮጣል፣ ዘግይቶ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ተራራው ፊቱ ሲደቀን ይጠመዘዛል። ክንፉን 45 ዲግሪ ካዘነበለና ከፍታውን ሊጠብቅ ከሞከረ፣ 50 የነበረው የስቶል ፍጥነት ወደ 60 ይጠጋል። ዐይኑ ደግሞ ያታልለዋል፤ መሬቱ ከሥሩ በፍጥነት ሲያልፍ ስለሚያይ፣ የሚተርፍ ፍጥነት ያለው ይመስለዋል። ሁሉ ነገር የተበላሸው ግን ሞተሩ ሳይነሣ፣ ወረቀት ላይ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹ በሞተር ብስክሌት ሞተር የሚበር አልትራላይት ነድፈው አምጥተውልኛል። አስመላሽ ዘፈሩ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ ኬ-570ኤ የተባለችውን አውሮፕላን በገዛ እጁ ሲሠራ የነበረውን ጉጉት በእነርሱም አይቻለሁ፤ ደስ ይለኛል እንጂ አላፌዝበትም። ይሁን እንጂ በንድፉ ላይ የሰፈረው የሞተር ኃይል በባሕር ጠለል የተለካ ነው፤ የስቶል ፍጥነቱም እንዲሁ። ስሌቱን ለ1,850 ሜትርና ለ30 ዲግሪ ሙቀት ደግመው እስኪሠሩት፣ ክንፉም በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ መሬት ላይ እስኪፈተን ድረስ፣ በወንበሩ ላይ ማንም ሰው እንዲቀመጥ አልፈቅድም።