የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ሲደርቅ ወይም ሲያተኩሰው

የዛሬው ንግግራችን በቤታችሁ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላላችሁ ነው። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን እና በየጥቂት ሳምንቱ በመርፌ የሚሰጠው ሞዲኬት ብዙ ሰው ከከባድ ሕመም አውጥተዋል። ሆኖም በአንዳንድ ሰው ላይ አደገኛ ጉዳት ያመጣሉ። ሁለቱን ለይታችሁ እወቁ።

አንደኛው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል። አንገት ይጠመዘዛል፤ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ መንጋጋ ይቆለፋል። ሰውየው ግን ልቡ አለ፤ የምትሉትን ይሰማል። «ጋኔን ያዘው» ብሎ የሚደነግጥ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ መልኩ ስለሚያስፈራ አይፈረድበትም። ነገሩ የጡንቻ መኮማተር ነው። ክሊኒክ ባይፐሪደን ወይም ፕሮሜታዚን ሲወጋ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቀዋል። እንዳያገረሽም ለጥቂት ቀናት እንደ አርቴን ያለ ክኒን ይታዘዝለታል። ጉሮሮው ተይዞ ትንፋሽ ካጠረው ግን አንድ ደቂቃም አትቆዩ።

ሁለተኛው እምብዛም አይታይም፤ ከታየ ግን ይገድላል። ኃይለኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መቃዠት ምልክቶቹ ናቸው። ሽንትም ሊጠቁር ይችላል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላም አይቀርም ማለት አይቻልም። ውኃ የጠማው ሰውነት ይበልጥ ይጋለጣል፤ እንደ ካኩማ ባለ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኛ ዘንድ ትኩሳት ሁሉ ወባ ይባላል። ወባም ሊሆን ይችላልና ደሙ ይመርመር። ነገር ግን ነርሷ መድኃኒቱን መውሰዱን ካልነገራችኋት አታውቅም፤ የወባ ክኒን ይዛችሁ ቤት ብትመለሱ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

ይህ በቤት አይታከምም። ቀጣዩን መድኃኒት አትስጡት። ጥላ ሥር አድርጋችሁ ልብሱን አላሉለት፤ በእርጥብ ጨርቅ እያበሳችሁ አራግቡለት። መዋጥ ካቃተው ወይም ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትጨምሩ። ሆስፒታል መድኃኒቱን ያቆማል፤ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፤ ሰውነቱን ያቀዘቅዛል፤ ኩላሊቱንም ይከታተላል። መርፌ የተወጋ ከሆነ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ሳምንታት ስለሚፈጅ የተወጋበትን ቀን ንገሩ።

ከዳነ በኋላ «ሁለተኛ መድኃኒት አይነካም» የሚሉ አሉ። ያን ጊዜ የቀድሞው ሕመም ይመለሳል። ሐኪሙ ቢያንስ 2 ሳምንት ጠብቆ ሌላ ዓይነት መድኃኒት በትንሽ መጠን ሊጀምርለት ይችላል። የደረሰበት ጉዳትና የመድኃኒቱ ስም በክሊኒክ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ካርዱንና የመድኃኒቱን ፓኬት አንድ ቦታ አስቀምጡ፤ ሌሊት ቢያመው ማንም የቤቱ ሰው አንሥቶ ይዞ ይሂድ።