የገና ገበያ

(ከገና በዓል 2 ሳምንት አስቀድሞ በገበሬዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ወሬዬ ስለ ገበያ ነው። አብዛኞቻችሁ ትናንት ገበያ ውላችኋል። እኔም ውያለሁ። አህያው እየተጋፋ፣ ዶሮው እየጮኸ፣ ሰው ሰውን እየገፋ፣ መተላለፊያ ጠፍቶ ነበር። ገና ሊደርስ 2 ሳምንት ይቀረዋል። ገበያው ግን ከአሁኑ ጦፏል። የሚመጣው ሳምንት ከዚህም ይብሳል።

ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሲጾም የቆየ ሰው ያን ቀን ይፈታል። እህሉም በዚያው ሰሞን ከአውድማ ወደ ጎተራ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ከጭቃና ከፀሐይ ጋር ሲታገል የኖረ ገበሬ በልቶ ጠጥቶ፣ ልጆቹን አልብሶ ቢደሰት ማን ይከለክለዋል? እኔም ዶሮ ወጥ አልጠላም። ችግሩ ሌላ ነው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁላችንም አንድ ዓይነት ዕቃ ፈላጊ እንሆናለን። ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ በግ፣ የልጅ ልብስ። ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል። ነጋዴ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። ደግ ነጋዴ አለ፣ ክፉም አለ። ቅቤን ከሙዝ ጋር ለውሶ፣ በርበሬን ከተፈጨ ሸክላ ጋር ደባልቆ የሚሸጥ አለ። ሐሰተኛ የብር ኖትም የሚዘዋወረው በዚሁ በበዓል ሰሞን ነው። ገዢው ቸኩሏል፤ አይቀምስም፣ አያሸትም፣ ኖቱን ገልጦ አያይም።

ይህም ይሁን። እኛን ገበሬዎችን ይበልጥ የሚጎዳን ግን የምንገዛው ሲወደድ የምንሸጠው መርከሱ ነው። በታኅሣሥ ሁሉም ገበሬ እህል አለው። ሁሉም ብር ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉም ጭኖ ይወጣል። ሻጭ ሲበዛ እህል ይረክሳል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይራቆታል። ያን ጊዜ ሻጭ ያንሳል፣ ገዢ ይበዛል፣ እህል ይወደዳል።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ገበሬ ለገና ልብስ ብሎ በታኅሣሥ 6 ቁና ጤፍ ሸጠ እንበል። በነሐሴ እህል አለቀበት። ያንኑ ያህል ብር ይዞ ገበያ ወጣ። የሰጡት ግን 4 ቁና ብቻ ነው። 2 ቁና የት ገባ? አይጥ አልበላውም፣ ነቀዝም አልነካው። በጥድፊያ ስለሸጠው ነው የጠፋው። መቼም ግብርና ዕዳ አይቆይምና ለእነርሱ የሚሸጠው ይሸጣል። እኔ የምለው ከዚያ በላይ ስላለው ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የማወራችሁ። ከተጋባን በሁለተኛው ዓመት እህሉ ያዘልን። እኔም ጎረምሳ ነኝ፣ ደረቴ ተነፋ። 2 ኩንታል ጤፍ ጭኜ ወጣሁ። ለባለቤቴ ጥበብ ቀሚስ፣ ለእኔ ጋቢ፣ ለቤቱ ሙክት በግ ገዛሁ። ገና በደስታ ዋለ። ሰው ሁሉ መረቀን። ሐምሌ ሲገባ ጎተራው ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ባዶ ጎተራ ሲመቱት እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ። የቀረው ለዘር ያኖርነው ነው። ዘሩን እንዳንበላ ፈራን። አራጣ አበዳሪ ቤት ሄጄ ደጁ ላይ ቆምኩ። ወለዱን ሲነግረኝ እግሬ ከዳኝና ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ቀሚሷን አጥፋ በነጠላ ጠቅልላው አገኘኋት። ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ገበያ አወጣችው። ከተገዛበት በግማሽ ዋጋ ሸጠችና በቆሎ ይዛ ገባች። ዛሬም ስለዚያ ቀሚስ ሲነሣ እሷ ትስቃለች። እኔ አልስቅም።

ሰውን እንዲህ የሚያደርገው ሆድ ብቻ አይደለም። ይሉኝታ ነው። «የእገሌ ልጆች አዲስ ለብሰው የእኔ ልጆች በአሮጌ ቢውሉ ጎረቤት ምን ይለኛል?» እንላለን። ጎረቤታችንም ስለ እኛ ይህንኑ ይላል። እርስ በርሳችን እየተፈራራን ሁላችንም ጎተራችንን እናራግፋለን።

ይህ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። እንዲያውም በሀብታም አገር ይብሳል። በአሜሪካ ገናን የሚያከብሩት አብዛኞቹ በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ፣ በኅዳር ውስጥ፣ «ጥቁር ዓርብ» የሚሉት የገበያ ቀን አላቸው። ትልልቅ መደብሮች ለዚያ ቀን ዋጋ ይቀንሳሉ። ሕዝቡም ከሌሊት ጀምሮ በር ላይ ይሰለፋል። ኅዳር 19 ቀን 2001 ዓ.ም. በኒውዮርክ አቅራቢያ በሎንግ አይላንድ አንድ መደብር ደጃፍ 2 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሊነጋጋ ሲል በሩ ሊከፈት ጥቂት ቀረው። ሕዝቡ ግን አልጠበቀም፤ ገፍቶ ሰበረው። በሩን የያዘው የመደብሩ ሠራተኛ ወደቀ። 34 ዓመቱ ነበር። ሰው በላዩ ላይ እየተረማመደ ወደ ዕቃው ሮጠ፤ ሠራተኛውም ሞተ። ሰው ስለሞተ ውጡ ሲባሉም፣ ከትናንት ጀምረን ነው የተሰለፍነው ብለው ያጉረመረሙ እንደነበሩ በጋዜጣ ተጽፏል።

እኒያ ሰዎች ምን ጎድሏቸው ነው? ዳቦ አልነበረም የሚሻሙት። የተሻሙት ቴሌቪዥንና የመሳሰለውን ዕቃ ነው፤ ብዙው ለገና ስጦታ የሚሆን። ለወዳጅ የሚሰጥ ነገር ፍለጋ ሰው ረገጡ። እኛ እዚያ አልደረስንም። ትናንት ግን አንዲት አሮጊት በእንቁላል ቅርጫታቸው ላይ ሲገፉ አይቻለሁ። እንቁላሉ ተሰባበረ። ዘወር ብሎ «አይዞዎት እናቴ» ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ገና እኮ የአንድነት በዓል ነው። በጨዋታው ሜዳ ጥንጉን ለመምታት ጌታና ሎሌ እኩል ይሰለፋሉ። ሎሌው በዱላው ጌታውን ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም። ወደ ላሊበላ ወጥቶ ያየ ሰው ደግሞ የሚነግረን አለ። ንጉሥ ላሊበላም የተወለደው በዚሁ በገና ቀን ነው ስለሚባል፣ ምእመናን ከሩቅ አገር ቀናት በእግራቸው እየተጓዙ ይመጣሉ። የአገሬው ሰው እንግዳውን ተቀብሎ እግሩን ያጥባል፣ ያለውን ያበላል። እግር ለማጠብ ውኃና ጉልበት እንጂ ገበያ አያስፈልግም። በወሎም ክርስቲያኑ በበዓሉ ቀን እስላም ጎረቤቱን ሲጠራ፣ እንግዳው ባርኮ እንዲያርድ በጉን ወይም ዶሮውን ለብቻ ያቆይለታል።

አሁን ስለ ቅርጫችን ላጫውታችሁ። በእኛ መንደር 9 ሆነን አንድ በሬ እንገዛ ነበር። ታርዶ ሥጋው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው በ9 መደብ ይደለደላል። ዕጣ ይጣላል። ዱሮ ቆዳው ተሸጦ ለጠላ ይሆነን ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ገዢ አጥቶ ሲጣል እናያለን። ከቤቶቻችን መካከል የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ቤት አለ። 3 ልጆች አሏት። ቅርጫ ስናደርግ ልጆቿ ከአጥሩ ሥር ቆመው ያያሉ። አንድ ዓመት ከየመደባችን ቆንጥረን በቅጠል ጠቅልለን ላክንላት። ተቀበለች። ፊቷ ግን ከበደ። በማግስቱ ለባለቤቴ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነገር ግን ልጆቼ ልመና እንዲለምዱ አልፈልግም» አለቻት።

እኔ በመጀመሪያ ተቀየምኩ። እውነቴን ነው። ሥጋ ሰጥተናት ትኮራለች አልኩ። ባለቤቴ ግን፣ «አንተ አራጣ አበዳሪ ደጅ ቆመህ የተመለስክበትን ቀን ረሳኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩን ለማኅበሩ አቀረብኩ። ብዙ ተከራከርን። አንዱ፣ ገንዘብ ከሌላት እንዴት ትገባለች አለ። ሌላው፣ መደብ ይሳሳል አለ። በኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ይህች ሴት እኮ የፈተለችው ድር እንደሷ የሚያምር የለም። እኛ በገና ገበያ ጋቢ የምንገዛው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ዝም አልን።

በሚቀጥለው ዓመት በሬው 10 መደብ ሆነ። ጥጡን እኛ አመጣን። እሷ ከመስከረም ጀምራ ፈተለች፤ ሸማኔው ሠራው። ከእኛ 2 ሰዎች ገበያ ሳይወጡ ጋቢ ለበሱ። የፈትሏ ዋጋ በመደቧ ታሰበላት፤ ጥቂት ብርም ተረፋት። መደባችን ሳሳ ወይ? አዎ፣ ትንሽ ሳሳ። የጎደለውን እስከ ዛሬ መዝኖ ያየ ሰው የለም።

ዘንድሮ የቅርጫውን መዝገብ የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ስም ስመዘግብ እሷም መጣች። እንደናንተው በማታው ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። «ስምሽን ልጻፍልሽ» ስላት እርሳሱን ከእጄ ተቀበለች። ጎንበስ ብላ፣ ቀስ እያለች፣ በ10ኛው ተራ ላይ ራሷ ጻፈችው።