ልጅ ሲያለቅስ አብረነው እንቀመጥ
(በአዊ ለሚገኙ የእንጅባራና የዳንግላ ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



አዊ የፈረሰኞች አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ፈረስ የገራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የደነበረ ፈረስ በአለንጋ አይረጋጋም። ጋላቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንገቱን ሲዳብሰው ይሰክናል፤ ጋላቢው ራሱ ከደነገጠ ግን ፈረሱ ይብስበታል። ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው በየቤታችን ስላሉት ልጆች ነው፤ ነገሩ ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። ልጆች የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፤ መንገድ ሲዘጋ አይተዋል፤ ወላጆቻቸው በሹክሹክታ ሲጨነቁ አድምጠዋል። ሕፃን ልጅ ግን «ፈርቻለሁ» ብሎ ብዙ ጊዜ አይናገርም። መኝታውን ማርጠብ ትቶ የነበረው እንደገና ያረጥባል፤ ሌላው ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ይላል፤ ሌላው ታናሹን ይመታል፤ ሌላውም ጨርሶ ዝም ይላል። እኛም ይህን ጥጋብ ነው እንልና አርጩሜ እናነሣለን።

ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በገዛ ቤታችን የሰባት ዓመት ልጃችን መኝታውን ባረጠበ ጊዜ «ትልቅ ልጅ ሆነህ አታፍርም?» ብለን በወንድሞቹ ፊት አሳፍረነዋል። በማግሥቱም አረጠበ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ኋላ እናቱ አጠገቡ ተኝታ በቀስታ ብትጠይቀው፣ በጨለማ ወደ ደጅ መውጣት እንደሚፈራ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረነው ወጣን፤ ቀስ በቀስም ተወው። ለካስ የቀጣነው ጥፋትን ሳይሆን ፍርሃትን ነበር።

እስቲ የለቅሶ ባህላችንን እናስብ። ጎረቤት ሰው ሲሞትበት ሥራችንን ትተን እንሄዳለን። እዝን እንወስዳለን፤ አጠገቡ እንቀመጣለን፤ አብረነው እናለቅሳለን፤ ስለ ሟቹ ደጋግሞ ሲያወራም ደጋግመን እንሰማለን። ኀዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን ማድረግን ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። ልጅ ሲያለቅስ ግን «ዝም በል! ወንድ ልጅ አያለቅስም!» እንላለን። እንግዲህ የምንለምናችሁ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለለቅሶተኛ የምናደርገውን ለልጆቻችንም እንድናደርግ ነው።

ቁጣንና ፍርሃትን የሚገታው የአእምሮ ክፍል ቀስ ብሎ የሚያድግ ሲሆን፣ ፈጽሞ የሚበስለው ሰው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ ሕፃን ራሱን ማረጋጋት የሚማረው አስቀድሞ ሌላ ሰው ሲያረጋጋው ነው።

አንደኛ፣ ራሳችንን እናረጋጋ። ንዴታችን ከጋለ፣ ልጁ አደጋ ላይ እስካልሆነ ድረስ፣ ጥቂት ቆም እንበል፤ ውኃ እንጠጣ። ከዚያ ዝቅ ብለን ከልጁ ዓይን ጋር እንተያይ።

ሁለተኛ፣ ስሜቱን በስሙ እንጥራለት። «ተናደሃል»፣ «ፈርተሃል»፣ «ሆድ ብሶሃል» ስንለው በውስጡ ያለው ነገር ስም ያገኛል፤ ስም ያገኘ ነገርም ይነገራል። በቤት አዊኛ የሚናገር ልጅ ፍርሃቱን አጥርቶ የሚናገረው በአዊኛ ነው። አማርኛ ብቻ የምንችል ሠራተኞች አያቱን ወይም እናቱን ይዘን እንስማው።

ሦስተኛ፣ ሰውነቱን እናግዝ። ልጁ ትኩስ ቅቅል ድንች እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ ረጅም «እፍ» እንዲል እናስተምረው። ትንፋሽን በዝግታ ማስወጣት የልብን ምት ያረጋጋል። ይህን ግን የምናለማምደው በደኅና ቀን ነው፤ በቁጣ ሰዓት አዲስ ትምህርት አይገባም።

አራተኛ፣ ስሜቱን ተቀበልን ማለት ጥፋቱን ፈቀድን ማለት አይደለም። «መናደድህ ገብቶኛል፤ እህትህን መምታት ግን አይቻልም» እንበለው። ሲረጋጋም ያጠፋውን እንዲያስተካክል እንርዳው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ልጆች እንዲታዘዙ ማዘዙን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ እዚያው ማሳሰቡን ግን ቶሎ እንረሳለን።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ በየቤቱ ስትገቡ ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ እናቲቱም እንቅልፍ ጠይቁ። እንቅልፍ ያጣች፣ የምታበስለው የቸገራት እናት «ተረጋጊ» ስለተባለች ብቻ አትረጋጋም። ጎረቤት ልጆቿን ለአንድ ሰዓት ቢይዝላት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለ፣ ወይም ስለ መሞት ቢናገር፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ እርዱ።

ወገኖች፣ ተኩሱን ማቆም በእጃችን አይደለም። ልጁ ሲፈራ የሚሮጥበት ቤት ሌላ ፍርሃት እንዳይሆንበት ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ዛሬ ማታ እሳት ዳር ስንሰበሰብ እያንዳንዳችን አንዱን ልጃችንን «ዛሬ ምን አስፈራህ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ሳንቆጣ እስከ መጨረሻው እንስማ።